«ቀልበ ቢስ» የተባለ ሰው እንዴት ይጸልይ?

ሐዋሳ ጸሎቷን የማትደብቅ ከተማ ናት። ገና ሳይነጋ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ከወንጌላውያን አጥቢያዎች የሚወጣው የአዳር ጸሎት ድምፅ ሰፈር አቋርጦ ይሄዳል፤ ታኅሣሥ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል በዓል ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው ምእመን መንገዱን ይሞላዋል። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ «መጸለይ አቃተኝ» ማለት ቀላል አይደለም። «አላምንም» የሚል ሰው ቢያንስ የሚከራከረው ያገኛል። «አምናለሁ፣ ግን አምስት ደቂቃ ረግቼ መጸለይ አልቻልኩም» የሚል ሰው ግን የትም ቤተ እምነት ቢሄድ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ በርታ።

«በርታ» ክፉ ቃል አይደለም። ግን የሚጠቅመው ላልሞከረ ሰው ነው፤ ይህኛው ደግሞ ሞክሯል። ፕሮቴስታንት ነው እንበል። መስከረም 1 ቀን አዲስ የጥሞና ደብተር ይገዛል። እስከ መስከረም 9 በየቀኑ ያነበበውን፣ የጸለየበትን ይጽፋል። ከዚያ ወዲያ ገጹ ባዶ ነው። መደርደሪያው ቢፈተሽ እንዲህ ያሉ አራት አምስት ደብተሮች ይገኛሉ፤ ሁሉም መጀመሪያቸው ላይ ብቻ የተጻፈባቸው። ኦርቶዶክስ ከሆነ ደግሞ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ለማድረስ ይቆማል፤ ጥቂት እንዳነበበ ሐሳቡ ትናንት ባጃጅ ውስጥ ከረሳው ጃንጥላ ጋር ነው። ከንፈሩ ያነበንባል፣ እሱ የለም። ሲመለስ የት እንደደረሰ ይጠፋዋል፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ደግሞ ይሄዳል። በአራተኛው ቀን መጽሐፉን አይከፍትም። በአሥረኛው ቀን መጽሐፉን ማየቱ ራሱ ያሳፍረዋል።

በጸሎት መካከል ሐሳቡ የማይበተን ሰው የለም፤ ይህ የታወቀ ነው። የዚህ ሰው ልዩነት ሐሳቡ የሚበተነው ጸሎት ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። የጣደውን ሽሮ ያሳርራል። ቁልፉን በቀን ሦስቴ ይፈልጋል። የመብራት መክፈያው ገንዘብ ኪሱ ውስጥ እያለ ቀኑ ያልፍበታል። የሚወደው ሥራ ሲገጥመው ደግሞ ምሳውን ረስቶ እስከ ማታ ይቀመጣል። ልጅ ሳለም እንዲሁ ነበር፤ አስተማሪዎቹ በየዓመቱ «ጎበዝ ነው፣ ልብ ቢል ኖሮ» እያሉ አሳልፈውታል። ሐኪሞች ይህን ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ይሉታል፤ በአማርኛ የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ እየተባለ ይጠራል። ስሙ ትንሽ ያሳስታል። ሰውዬው ትኩረት አጥቶ አይደለም፤ ያለውን ትኩረት ወደፈለገበት ማዘዝ ነው የሚያቅተው። ማድረግ ያለበትን ያውቃል፣ ማድረግም ይፈልጋል፣ በማወቅና በማድረግ መካከል ያለው ድልድይ ግን ይሰበርበታል።

በዓለም ዙሪያ በተለምዶ የሚጠቀሰው ግምት ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ፣ ከመቶ አዋቂዎች ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው የሚል ነው። ሺህ ጎልማሳ በሚሰበሰብበት የእሑድ አምልኮ ላይ ሃያ አምስት ሰው ማለት ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ በብርቱ የሚተላለፍ በመሆኑም «ልጄ አይረጋም፣ ጸልዩለት» ብላ የምትመጣው እናት ራሷ ከሃያ አምስቱ አንዷ ልትሆን ትችላለች።

የሕክምናው ታሪክ ራሱ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም ለንደን ውስጥ ተከታታይ ንግግሮች አቀረበ። አእምሯቸው ጤነኛ፣ ነገር ግን መርጋትና ራሳቸውን መግዛት የማይችሉ ልጆችን ገለጸ። ለችግሩ የሰጠው ስም «የግብረ ገብ ቁጥጥር ጉድለት» የሚል ነበር። ስቲል ራሱ ነገሩ የአስተዳደግ ብልሹነት ብቻ እንዳልሆነ ተረድቶ ነበር፤ ስሙ ግን የሥነ ምግባር ስም ሆነ። ትኩረት የሚለው ቃል በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የችግሩ ስም ሆኖ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ የዛሬው ስያሜ ደግሞ በ1987 መጣ። ሐኪሞች ሰማንያ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸው የተዉትን ስም ብዙ የሐዋሳ የጸሎት ክፍሎች ዛሬም ይጠቀሙበታል። ቃሉ ብቻ ነው የተቀየረው፤ «ዳተኛ»፣ «ዓለማዊ»፣ «የቀዘቀዘ»።

ቋንቋውም አያግዝም። በአማርኛ ቀልብ ማለት ትኩረትም ነው፣ ልብም ነው፣ ማስተዋልም ነው። ቀልቡን የማይሰበስብ ሰው «ቀልበ ቢስ» ይባላል፤ ስድብ ነው፣ ያውም የጠባይ ስድብ። «ልብ በል» የሚባለው ልጅ ደግሞ ልብ እንደሌለው እየሰማ ያድጋል። ሃያ ዓመት ይህን ሲሰማ የኖረ ወጣት ስለ ተሰበሰበ ልብ ሲሰበክ ምን ይሰማዋል? ስብከቱን የሚሰማው እንደ ግብዣ አይደለም። እንደ ፍርድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ እሱ አንዳንዴ መጸለይ መቻሉ ነው። የአዳር ጸሎት ላይ ከሁሉም በላይ የሚጸልየው እሱ ነው። መዝሙር አለ፣ ሕዝብ አለ፣ ጩኸት አለ፣ መነሣት መቀመጥ አለ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አእምሮው እንደ እሳት ይነዳል። ሌሊቱን ሙሉ አይደክመውም። አገልጋዮች ያዩታል፣ «ቅባት አለበት» ይላሉ፣ ኃላፊነት ይሰጡታል። ከዚያ አሥር ቀን አንድም ጸሎት ሳይጸልይ ያልፋል፣ የቡድን ስብሰባውን ሰዓት ይረሳል፣ የተሰጠውን ኃላፊነት ሳይሠራ ይቀራል። ያኔ «ቀዘቀዘ» ይባላል፤ ትንሽ ቆይቶ «ግብዝ»። የኦርቶዶክሱም ነገር ከዚህ አይርቅም። በሰሙነ ሕማማት ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግድ የዋለ፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ የተጋ ሰው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የዘወትር ጸሎት እንኳ ያቅተዋል። ሰዎች የሰሙነ ሕማማቱን ያያሉና «ከፈለገ ይችላል ማለት ነው» ይላሉ። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ያለበትን ሰው ከዚህ ዐረፍተ ነገር በላይ የሚሰብረው የለም፤ እሱም ራሱን የሚወቅስበት ዐረፍተ ነገር እሱው ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት። ጸሎት ማለት ብቻን፣ በጸጥታ፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ነው ያለው ማን ነው?

በወንጌላውያን ዘንድ «የጥሞና ጊዜ» የሚባለው፣ በማለዳ ብቻን ከመጽሐፍ ቅዱስና ከማስታወሻ ደብተር ጋር መቀመጥ፣ ብዙዎችን ያነጸ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በዚህ መልኩ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከእንግሊዝ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ጀምሮ ነው። ማንበብ የሚችል፣ የራሱ መጽሐፍ ያለው፣ የራሱ ክፍል ያለው ተማሪ ልማድ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥራ ስምንት መቶ ዓመታት አብዛኛው ክርስቲያን ማንበብ አይችልም ነበር፤ ቤቱም መጽሐፍ አልነበረውም። አይጸልይም ነበር ማለት ነው? ጥጥ እየፈተለች፣ እንዝርቷን እያሾረች ከንፈሯ የማያርፈውን አያት የማያስታውስ ሐዋሳ ውስጥ ማን አለ? እጇ ሥራ ላይ ነበር፣ ልቧ ጸሎት ላይ። እጇ ሥራ ላይ ስለነበረ ነው ልቧ የረጋው ማለትም ይቻላል።

ይህን የግብፅ በረሃ አባቶች ቀድመው ያውቁታል። የመነኮሳት አባት የሚባሉት አባ እንጦንስ በበረሃ ተቀምጠው ሳለ ስልቹነትና የሐሳብ ብዛት እንዳስጨነቃቸው ይተረካል። መዳን ይፈልጋሉ፣ ሐሳባቸው ግን አልለቅ አላቸው። ምን ላድርግ ብለው እያዘኑ ወጣ ሲሉ እሳቸውን የሚመስል ሰው አዩ። ተቀምጦ ይሠራል፤ ከሥራው ተነሥቶ ይጸልያል፤ ተመልሶ ይቀመጥና ገመድ ይጎነጉናል፤ ደግሞ ይነሣና ይጸልያል። የታያቸው መልአክ ነበር፤ እንዲሁ አድርግ፣ ትድናለህ የሚል መልእክት ይዞ የመጣ። ሐሳቡ የሚበተነው የመነኮሳቱ አለቃ መሆኑን ልብ ይሏል። የተሰጠው መድኃኒትም ረጅም ዝምታ አልነበረም፤ አጭር ጸሎት፣ የእጅ ሥራ፣ መነሣት፣ መቀመጥ፣ ደግሞ መነሣት ነበር። አንድ የዘመናችን ሐኪም ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ላለበት ሰው የሥራ ቀኑን እንዲህ ከፋፍለህ ሥራ ቢለው የሚገርመው አይኖርም።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓተ ጸሎትም በዚህ መንፈስ የተሠራ ነው፤ ከውስጡ ያደጉ ሰዎች ስለለመዱት አያዩትም እንጂ። ጸሎቱ በቀን ሰባት ጊዜ ነው፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። አንድ ትልቅ ሸክም ሰባት ትናንሽ ሆኗል። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሏል፣ መዝሙረ ዳዊትም እንዲሁ፤ ዛሬ የቀረበት ሰው ነገ የሚጀምረው ከነገው ነው፣ ውዝፍ የለበትም። መቁጠሪያው 41 ወይም 64 ፍሬ አለው፤ ቁጥሩን አእምሮ ሳይሆን ጣት ይይዘዋል። ስግደቱ ሰውነትን ያሠራል። በቅዳሴ ላይ ደግሞ ዲያቆኑ የተቀመጠውን ተነሥ ይላል፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ይላል፣ ደግሞ ደጋግሞ ያሳስባል። የሕዝቡ ሐሳብ እንደማይሄድ ቢታሰብ ኖሮ ይህ ሁሉ ማሳሰቢያ ባላስፈለገ ነበር። ሥርዓቱ የተሠራው ሐሳቡ ለሚሄድ ሕዝብ ነው።

የንስሐ አባቶች ይህን ሀብት ይዘው ሳለ ብዙ ጊዜ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቀኖና ይሰጣሉ። የሚበተን ሰው ሲመጣ ደግሞ ይጨመርበታል፤ አንድ ምዕራፍ ያቃተው ሦስት ይታዘዛል። መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው አቡነ ዘበሰማያትን በቀን ሰባት ጊዜ፣ ከአንድ የታወቀ ነገር ጋር አያይዞ ማዘዝ ይሻላል፤ ፊት ሲታጠብ፣ ከቤት ሲወጣ፣ ባጃጅ ሲጠበቅ፣ ከምሳ በፊት፣ ከሥራ ሲወጣ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ሲተኛ። አንዱ ከደቂቃ አያልፍም። ሰዓት ጠብቅ ከተባለ ይረሳል፤ በር ላይ ከተሰቀለ ግን በሩን ሲከፍት ያገኘዋል።

ወንጌላውያኑም የራሳቸው ሀብት አላቸው። በአንድነት ድምፅ አውጥቶ መጸለይ ሐሳብን በጆሮ ይይዛል። አዳራሹ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተራመደ የሚጸልየውን ሽማግሌ «ለምን አትረጋም» የሚለው የለም። እሱ ከተፈቀደለት በማለዳ በፍቅር ሐይቅ ዳር እየተራመደ የሚጸልየው ወጣት ለምን «ጥሞና አላደረገም» ይባላል? ለብቻ መጸለይ የማይችል ሰው ከአንድ ጓደኛው ጋር በስልክ ሦስት ደቂቃ ቢጸልይ ምን ይጎድለዋል? የአዳር ጸሎቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንቅልፍ ማጣት ትኩረትን ይበልጥ ያደክማል፤ ዓርብ ሌሊቱን የነደደው ሰው በሚቀጥሉት ቀናት የሚከፍለው ዕዳ አለ። መሪዎቹ ይህን ቢያውቁ «ቀዘቀዘ» ለማለት አይቸኩሉም ነበር።

ስለ ስልክም አንድ ነገር። ጸሎትን በስልክ ማድረግ ለብዙዎች ይመቻል፤ ማስታወሻ ደወሉም ይጠቅማል። ለዚህ ሰው ግን ስልኩ የጸሎት ቤትም የገበያ አዳራሽም ነው። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከልም መዝሙረ ዳዊት ሊከፍት ገብቶ እዚህ የደረሰ አይጠፋም። የወረቀት መጽሐፍ ቢረሳም ማሳወቂያ አይልክም።

ተቃውሞው ይታወቃል። «ይህ ሰበብ ነው፤ ዘመኑ ስንፍናን በሽታ ብሎ ይጠራል፤ ቲክቶክ ያየ ሁሉ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. አለብኝ ይላል።» ግማሹ እውነት ነው። ስልክ የበታተነው ሁሉ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም፤ ለዚህም ነው ሐኪሞች ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመራቸውን፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም ወይም በሥራ፣ መታየታቸውን የሚጠይቁት። ባለፈው ዓመት የጀመረ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ሰበብ የሚፈልግ ሰው ግን ባለመጸለዩ እፎይ ይላል። ይኸኛው ባለመጸለዩ ይታመማል። በቀን ሰባት ጊዜ እግዚአብሔርን መጥራት ደግሞ ቀላል ቀኖና አይደለም፤ በማለዳ አንድ ሰዓት ጸልዮ ቀኑን ሙሉ የማያስታውሰው ጤነኛም ቢሞክረው ያየዋል።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ «የመርሳት መንፈስ ነው፣ ይውጣለት»፣ ወይም «ጠበል ይጠመቅ»። የመንፈስን ዓለም መካድ አያስፈልግም። ግን ከዚህ በፊት የተማርነውን መርሳትም አይገባም። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ወደ አገር ሲገባ ጠበል ሄደው መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንና ጠበሉን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ከአንድ መንበር የወጣ አንድ ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያኔ ታይቷል። ለትኩረት ችግር ግን እንዲህ ያለ ቃል እስካሁን በጉልህ አልተሰማም። ኦቲዝምን ለኢትዮጵያውያን ያስተዋወቁት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ማዕከላቸውን ከፍተው፣ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በየመድረኩ ሲጮኹ፣ ብዙ ወላጅ ልጁን ከጓዳ አወጣ። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ያን ያህል የሚጮህለት ሰው አላገኘም፤ ልጁም ጓዳ አልተደበቀም፤ ይሮጣል፣ ይሰበራል፣ ይገረፋል።

ሕክምና አለው። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፣ ኑሮን የማደራጀት ሥልጠናም አለ። መንገዱ አልጋ በአልጋ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ዋናውን መድኃኒት፣ ሜቲልፌኒዴትን፣ ወደ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ እንዲያስገባ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2021 የቀረበለትን ጥያቄ አልተቀበለም። መድኃኒት የጀመረ ሰው በጾም ወራት እንዴት እንደሚወስደው ለሐኪሙም ለንስሐ አባቱም ሊነግር ይገባል፤ ለታመመ ሰው የምታዝን ቤተ ክርስቲያን ለዚህ መልስ አታጣም።

የሚረሱት ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ልጆች ናቸው። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ አልረጋ ያለው ልጅ መጀመሪያ ወደ ኋላ ወንበር፣ ከዚያ ወደ ውጭ ይላካል። ያው ልጅ ጧፍ እንዲያበራ፣ ምንጣፍ እንዲያነጥፍ፣ ከበሮ እንዲያቀብል ቢደረግ ሦስት ሰዓት ቤተ መቅደሱ ዙሪያ ይውላል። ሁለተኛዎቹ ጸጥ ያሉት ሴት ልጆች ናቸው። አይሮጡም፣ አይረብሹም፤ ነጠላቸውን ተከናንበው በሥርዓት ቆመዋል፤ እነሱ ግን እዚያ የሉም። ስለማይረብሹ ማንም አይጠይቃቸውም፤ ሠላሳ ዓመት ሞልቷቸው፣ ልጅ ወልደው፣ ቤት ማስተዳደር ሲያቅታቸው ነው ነገሩ የሚወጣው። ያኔም የሚሰሙት «እናት ሆነሽ አትጸልዪም?» የሚል ነው።

መጋቢውም ሆኑ የንስሐ አባት ሐኪም መሆን አይጠበቅባቸውም። «በርታ» ከማለታቸው በፊት ግን ጥቂት ጥያቄ መጠየቅ ይችላሉ። ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው? ጸሎት ላይ ብቻ ነው ወይስ ቤትም ሥራም? ከቤተሰብ ማን እንዲህ ነበር? መልሱ ወደ ሆስፒታሉ ካመለከተ ወደዚያ መላክ ነው። ከዚያ ደግሞ ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ አለ፤ መቼ ነው ጸሎት የሚሳካልሽ? አንዲት እናት ትንሽ አፍራ «ዕቃ ሳጥብ» ብላ ብትመልስ፣ ቀኖናዋን ከዚያው እንዳይጀምሩላት የሚከለክል ሥርዓት የለም።